የአሥራ ሁለት ሰው ሙቀት

ጨዋታ ባለ ቀን አንጓች ደርበው ጠዋት ተነስታ ሙቀት ታካፍላለች። ሥራዋ ነው። ከሊጉ ጽሕፈት ቤት የሚላከውን በርሜል የሚያህል ታንክ ትከፍታለች፤ በአሥራ ሁለት ቱቦ ለአሥራ ሁለቱ አጥቂዎች ልብስ በታዘዘው ልክ ትሞላለች፤ ከዚያ በየልብሱ ደረት ላይ የሊጉን ማኅተም ትመታለች። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ሙቀት ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ያዛወረ ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል። ይህን ሕግ አንጓች እንደ ስሟ ታውቀዋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንድ ቁጥር አዛብታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራለች፣ ኩራቱንም ትንሽ ታበዛዋለች።

ውርጭ አምባ በማርስ ሰሜናዊ ዋልታ ያለች ከተማ ናት። ሕዝቧ በረዶ እየቆረጠ ለሌሎች ከተሞች ውኃ ይልካል፤ ሲያርፍ ደግሞ በዚያው በረዶ ላይ ሆኪ ይጫወታል። ሜዳው በመስተዋት ጣሪያ ስለተሸፈነ አየር አለው፤ ብርዱ ግን ከዜሮ በታች ስድሳ ነው። ተጫዋቹን የሚያሞቀው ልብሱ ብቻ ነው። የልብስ ሙቀት የሚለካው በግለት ነው፤ አንድ ግለት የአንድን ሰው እጅና እግር ለስድስት ደቂቃ ከውርጭ ያድናል። ጨዋታው በሦስት ክፍለ ጊዜ ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል። ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥራ ሁለት አጥቂዎች መቶ ሃያ ግለት ይሰጣል። ሕፃን ልጅም ያካፍለዋል።

አሰልጣኝ ደምመላሽ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው መስመር ሦስት ኮከቦች፣ እነ ናኦድ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ያገኛሉ። ብዙ ግለት ያለው ሰው ጡንቻው ስለሚሞቅ ይፈተለካል፤ ሕዝቡም ያብዳል። የቀሩት ሦስት መስመሮች፣ ዘጠኙ ሰዎች፣ ስድስት ስድስት ይደርሳቸዋል። ስድስት ግለት ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ነው። ሃያ አራቱን ደቂቃ ጥርስህን ነክሰህ ተወጣው ነው ነገሩ።

ከዘጠኙ አንዱ ስማቸው የሚባለው ነው፤ አራተኛው መስመር ላይ የሚጫወተው የአንጓች ታናሽ ወንድም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በሥራ ቀን የበረዶ መሰርሰሪያ ማሽን ይነዳል፤ ማሽኑ ደግሞ የሚነዳው በጣት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ውርጭ ወስዶበታል። ቀኙ ከሄደ መተዳደሪያው አብሮ ይሄዳል።

«ዛሬ የዋንጫ ጨዋታ ነው፣ ጋሽ ደምመላሽ» አለች አንጓች ቱቦውን እንደያዘች። «ዛሬ እንኳ አሥር አሥር እናድርገው።»

«አሥር አሥር የሚያደርገው ቀይ ሸለቆ ነው። ከፈለግሽ እዚያ ሄደሽ ተቀጠሪ።»

ቀይ ሸለቆ የዕለቱ ተጋጣሚ ነው። አሰልጣኙ ጥላዬ ለአሥራ ሁለቱም አሥር አሥር ይሞላል፤ ስለዚሁም በየሬዲዮው ሲሰብክ ይውላል። ኮከብ ይሻላል ወይስ እኩል የሚለው ክርክር ማርስን ለሁለት ከፍሏታል፤ በዚህ ነገር ተጣልተው የተፋቱ ባልና ሚስት እንኳ አሉ። ይህ ሁሉ ጩኸት እያለ ሁለቱ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ በእኩል ነጥብ ተጓዙ። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንጓችም አልጠየቀችም።

«ስማቸው ጣቶቹን ያጣው በእርስዎ ስድስት ነው!» አለች።

«ያ ድሮ ነው። ዘንድሮ ናኦድ ከመጣ ወዲህ አንድ ጣት አጣ? አላጣም። ስለዚህ ስድስት ይበቃዋል።» ደምመላሽ ሰዓቱን አየ። «ይልቅ የሦስቱን ኮከቦች ልብስ ውስጡን ከፍተሽ ፈትሺልኝ። የሌሎቹን ተይው፤ ጊዜ የለንም።»

አንጓች እየተንጨረጨረች የናኦድን ልብስ ከፈተች። ውስጡ ያለው ቆጣሪ ያለፈውን ጨዋታ ይዟል። የተሞላው ሃያ ሁለት ግለት ነው፤ ሰውነቱ የተጠቀመው አሥራ ሦስት ብቻ። ዘጠኙ በግራ ጉልበቱ ማስተንፈሻ ወጥቷል። ማስተንፈሻ ማለት ልብሱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ትርፉን የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ ነው። የሁለተኛውን ከፈተች፣ ዘጠኝ። የሦስተኛውን ከፈተች፣ ዘጠኝ።

ደሟ ፈላ። ወንድሟ በብርድ እየደነዘዘ ሃያ ሰባት ግለት በሦስት ቀዳዳ አየር ላይ እየተበተነ ነው! ቆጣሪዎቹን እንደያዘች እየሮጠች ደምመላሽን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ይኸው! አሥራ ሦስት ነው የሚበቃቸው! የሚባክነውን ሃያ ሰባት ለዘጠኙ ብንሰጣቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ይደርሳቸዋል!»

ደምመላሽ ቁጥሩን አየና ፊቱ በራ። «ማለት ናኦድ ይህን ሁሉ ጎል ያገባው በአሥራ ሦስት ነው? ሃያ ሁለቱን ሙሉ ቢያገኝ ምን ሊሠራ ነው! በይ ቀዳዳውን ድፈኚው፤ ሙሌቱ እንዳለ ይሁን።»

ቱቦውን አናቱ ላይ ብትከሰክስበት ደስ ባላት። ግን ሥራ ሥራ ነው። ሃያ ሁለቱን ሞላች፣ ስድስቱን ሞላች፣ ሦስቱን ማስተንፈሻ በብየዳ ደፈነች፣ ማኅተሟን መታች። ሦስት የተለያዩ ልብሶች በአንድ ቦታ እኩል ዘጠኝ ግለት እንዴት ሊያፈስሱ ቻሉ ብላ መጠየቅ ነበረባት። እልህ ይዟት ስለነበር የፋብሪካ ስህተት ነው ብላ አለፈችው። የዘጠኙን ሰዎች ልብስ ደግሞ ጭራሽ አልከፈተችም።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ናኦድ ጉድ አሳየ። ፓክ የሚሉትን ጠፍጣፋ ጎማ በዱላው እየገፋ በቀይ ሸለቆ ተከላካዮች መሀል ሾልኮ ሦስት ጎል አገባ። ሕዝቡ ጣሪያውን ሊያፈርሰው ደረሰ። አንጓች ከሜዳው በላይ ባለችው የመስተዋት ክፍሏ ተቀምጣ የተጫዋቾችን የእጅ ሙቀት የሚያሳዩትን መርፌዎች ትጠብቃለች። የእሷ ዓይን ያለው አንዱ መርፌ ላይ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የስማቸው መርፌ ወረደ። አሥራ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አራት። በዘንድሮ ጨዋታዎች በዚህ ሰዓት እንዲህ ወርዶ አያውቅም፤ ስማቸው ሙቀቱን ቆጥቦ ስለሚይዝ ነው እያለች ራሷን ስታጽናና ነበር የከረመችው። አሁን ግን የእሱ ብቻ ሳይሆን የዘጠኙም መርፌ ቁልቁል ነው። ከሦስት ሰው በስተቀር የውርጭ አምባ ተጫዋች ሁሉ እንደ ሽማግሌ መራመድ ጀመረ። ቀይ ሸለቆ አንድ አገባ። ሁለተኛ አገባ።

ቁልቁል ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ አየች። ናኦድ ከስማቸው ጎን ተለጥፎ ተቀምጦ ግራ ጉልበቱን ከስማቸው ጉልበት ጋር ያጋጥማል፤ ያነሳል፣ መልሶ ያጋጥማል። ከዚያ ጉልበቱን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። አብዷል እንዴ አለች። የእረፍቱ ደወል እንደተሰማ ናኦድ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጥቶ በሩን በረገደው።

«ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኛ! አንተ የሰው ሙቀት እያፈሰስክ ስትንሸራሸር ዝም ልበል?»

«እያፈሰስኩ?» አለ ናኦድ። «እትዬ አንጓች፣ የማፈስሰው ወንድምሽ ልብስ ውስጥ ነው! ሦስት ለእሱ፣ ስድስት ለሁለት ጓደኞቹ። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚሁ ለሦስት ለሦስት ሰው ይሰጣሉ። ጉልበት ለጉልበት አጋጥመን፣ ዓመቱን ሙሉ!»

አንጓች ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ስድስትና ሦስት ዘጠኝ ነው። ዘንድሮ የማንም ጣት ያልተቆረጠው ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ በገዛ እጇ በብየዳ ደፈነችው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለአንቺ? ከሊጉ አንድ ቁጥር ደብቀሽ ታውቂያለሽ?»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ፤ እኔ ራስ ወዳድ ነህ ብዬ...»

«ደግ ሰው አታድርጊኝ» አላት ናኦድ አቋርጧት። «በመጀመሪያው ቀን ስማቸው አንገቴን አንቆ ‹ሙቀት ካላመጣህ ፓክ አላቀብልህም› ነው ያለኝ። ሰደብኩት። ሁለት ጨዋታ ፓክ ነፈጉኝ። ከዚያ ገባኝ። እየተከራከርን፣ እየተሰዳደብን ነው ዘጠኝ ላይ የተስማማነው። በይ አሁን ተነሺ!»

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወረደች፤ ናኦድ ተከተላት። የምትቃጠለው በደምመላሽ ይሁን በራሷ ለይታ አላወቀችም። ተጠባባቂ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ሁለት ጓደኞቹ የስማቸውን ቀኝ እጅ ከዱላው ጋር በገመድ እያሰሩለት ነበር። ጣቶቹ መጨበጥ አቅቷቸዋል።

«ትችላለህ?» ይለዋል ደምመላሽ።

«እችላለሁ።»

«ፍቱት!» ብላ ጮኸች አንጓች።

«እትዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለ ስማቸው ሳያያት። «እየመራን ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው።»

«ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጅ የለህም!»

«እጄ የራሴ ነው!»

«አጉራሹ ግን እኔ ልሆን ነው!» አለችው። ብየዳውን ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። ጉጠቷን አወጣች፣ ዳኛው ዓይኑን አፍጥጦ እያየ የናኦድን ደረት ማኅተም በጠሰች፣ ቱቦዋን ሰካች፣ ጫፉን የወንድሟ ደረት ላይ ገጠመች። ግለቱ እየተንፎለፎለ ሲያልፍ ናኦድ እንዳይንቀሳቀስ ራሱ ቱቦውን ያዘላት። ደምመላሽ ይጮሃል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ሕዝቡ ያፏጫል። ውርጭ አምባ በፎርፌ ተሸነፈ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር የስማቸው ጣቶች ደም እየተመለሰባቸው ነበር፤ ሕመሙ እንባውን አወረደው።

«ምናለ ዛሬ ተኝተሽ በቀረሽ!» አላት።

ገና አንድ ሥርዓት ይቀር ነበር። በዋንጫ ጨዋታ ውጤቱ ከመፈረሙ በፊት የተሸናፊው ሙቀት አካፋይ የአሸናፊውን ልብስ ቆጣሪ ለዳኛው ያነባል። የቀይ ሸለቆ አሥራ ሁለት አጥቂዎች ተሰለፉ። ከጀርባቸው ጥላዬ ማይክሮፎን ጨብጦ እኩልነት ዛሬ አሸነፈ እያለ ነው። ደምመላሽ አንጓች ጆሮ ሥር ተጠግቶ «አንዲት ስህተት ፈልጊ፤ አንዲት ብቻ! ዋንጫው ይመለሳል» አላት።

የመጀመሪያውን ቆጣሪ አየች። ለልብሱ የደረሰው ግለት አሥር መሆን ሲገባው ዘጠኝ ነው። ሁለተኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው ዘጠኝ። ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት፣ ፈጣኖቹ፣ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ናቸው። ዘጠኙ ከየራሳቸው አንዳንድ ግለት ቀንሰው በጉልበታቸው ሰጥተዋቸዋል።

አንጓች ሁለት ጊዜ ደመረችው። ያው ነው። አንዱ አሰልጣኝ ለኮከብ፣ ሌላው ለእኩልነት ሲፎክሩ፣ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ የተጫወቱት በአንድ ሂሳብ ነበር፤ ያንን ሂሳብ ደግሞ አንዳቸውም አልሠሩትም። እሷም አልሠራችውም። ስትንገበገብለት የከረመችው አሥር አሥር እንኳ ጣታቸው በሚደነዝዝ ሰዎች ተሽሯል። ሞኝነቷ አናደዳት። ማንም መጥቶ እናንተስ ስንት ይሁን ትላላችሁ ብሎ ስላልጠየቃቸው ደግሞ የበለጠ ተናደደች።

በሰልፉ መጨረሻ ያለው የቀይ ሸለቆ ተጫዋች ግራ ጉልበቱን በእጁ ሸፍኖ አፍጥጦ ያያታል። እውነቱን ብትናገር ዋንጫው ይመለሳል። በማግስቱም ሊጉ በማርስ ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ሁሉ በብየዳ ይደፍናል፤ ብየዳው ምን እንደሚሠራ ዛሬ በወንድሟ እጅ አይታዋለች።

«እሺ፣ ወይዘሮ አንጓች?» አለ ዳኛው።

«አሥር» አለች ጮክ ብላ። «ሁሉም አሥር ናቸው።» ፈረመችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር። ደምመላሽ በረዶው ላይ ተፍቶ ለሚመጣው ዓመት ለናኦድ ሠላሳ እሞላለሁ ብሎ ዛተ። ጥላዬ ማይክሮፎኑን አልለቀቀም።

ወደ ሐኪም ቤት በሚወስደው መኪና ውስጥ ስማቸው ፊቱን አዙሮባት ተቀመጠ። ነርሷ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ይድናሉ፣ የሌሎቹ ነገ ይታያል ብላለች። ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ሳይዞር ተናገረ።

«እውነት አሥር አሥር ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«አሥራ ሦስትና ዘጠኝ» አለ።

አንጓች ደነገጠች። «ማን ነገረህ? ከእነሱ ጋር ትነጋገራላችሁ እንዴ?»

«ከቀይ ሸለቆ ጋር? ሰላምታም የለን!» ስማቸው አሁን ዞሮ አያት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቋ ተናዶባታል። «እነሱስ እንደኛው ሰዎች አይደሉም? ሌላ ስንት ሊሆን ኖሯል?»