ያረጀ ፎርማጆ

የወይንሐረግ አዲስ አበባ በነበረችበት ዘመን ለአሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ከወንዝ የወጣ፣ ከጉድጓድ የተቆፈረ ሬሳ መርምራ ቤቷ ገብታ ምሳዋን የምትበላ ሴት ናት። ፎርማጆ የሸተታት ቀን ግን ምሳ የለም። ስለዚህ በፈቃዱ የሚባለው ባለታክሲ፣ እሷ አሁን ባሕር ማዶ ገንዘብ ተቀባይ ሆና በምትሠራበት የሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ማቆሚያ መስኮት አጠገብ ቆሞ የእህቱን ባል ሞት ሲነግራት፣ ፊቷን ያጨማደደው የሰውየው የመጨረሻ ምግብ ነበር።

ሟቹ ወልደአምላክ ይባላል፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ያኔት በፎርማጆ የተጠበሰ ሳንድዊች ሠርታ ሰጠችው። ግማሹን በልቶ ብዙም ሳይቆይ «ማጅራቴን» አለና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቀ። ሳይመሽ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሐኪሞቹ ራሱ ውስጥ ደም ሥር ፈንድቶ ነው ከማለት በቀር ሌላ ያሉት ነገር አልነበረም። የለቅሶ ቤቱ ሰው ግን የገደለው የልጅቷ ሳንድዊች ነው እያለ ያንሾካሹካል። ያኔት ነርሲንጉን ትታ የምግብ ሙያ ልማር ብላ ከአባቷ ጋር ተጣልታ እንደነበርም አብሮ ይወራል። እናቷ ዘነበወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን አንድ ቃል አላናገረቻትም።

«ልጅቷ አትበላም፣ አትተኛም፤ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች» አለ በፈቃዱ። «እትዬ፣ እርስዎ ቢያዩት ደስ ይለኛል። እንዲህ ሆና ከቀረች እሷንም እንቀብራታለን።»

የወይንሐረግ በማግስቱ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ዘነበወርቅ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። አረጋሽ የምትባል ጎረቤት አጠገቧ ናት። ያኔት ሻይ ይዛ ስትዞር አንድም ሰው ከእጇ ሳይቀበል ትሪውን እንደያዘች ተመለሰች። የወይንሐረግ ይህን ስታይ ተነስታ ልጅቷን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች።

«ሰኞ ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳዪኝ» አለቻት።

ያኔት ከፍሪጅ በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ቁራጮች አወጣች። ሽታው ወዲያው ቤቱን ሞላው፤ የረጠበ ካልሲ ሽታ ነው። የወይንሐረግ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ልጅቷ ሽንኩርቱን በቀጭኑ ከትፋ በቅቤ ላይ ጣለችና ቀስ ብሎ ቡናማ እስኪሆን ጠበቀች። ኮምጠጥ ያለውን ወፍራም ዳቦ በውጭ በኩል ቅቤ ቀባችው፤ ሁለቱን ፎርማጆ ፍቃ፣ ሽንኩርቱን አክላ፣ በሁለተኛው ዳቦ ገጠመችው። እሳቱ ከበዛ ዳቦው አርሮ ፎርማጆው ሳይቀልጥ ይቀራል ብላ አስረዳች። መጥበሻውን ከድና ቆየች፤ ከዚያ ገልብጣ በትንሽ ድስት ተጫነችው። እጇ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። በዳቦው ጎን እየተንጠባጠበ የሚወጣው ነገር ግን ለየወይንሐረግ ከቁስል የሚወጣ መግል ሆነባት።

«ይህን የሻገተውን ከየት ገዛሽው?»

«አልሻገተም እኮ፣ እንደሱ ነው የሚሠራው። ሁለት ዓመት የቆየ ነው። ደግሞ አልገዛሁትም፣ ጋሼ ኪዳኔ ነው ለፋሲካ ያመጣልኝ።»

ኪዳኔ የአባቷ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ የሠርጉም ሚዜ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቅ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የግብዣ ክፍሉን ያስተዳድራል።

«ሌላ ጊዜስ ምን ታደርጊበት ነበር?»

«ተራ ቺዝ፣ የሱፐርማርኬቱን። ዳዲ በየፋሲካው ማግስት ይበላል፣ ኤቭሪ ዪር። ዘንድሮ ጋሼ ኪዳኔ ተራውን ተዪው፣ ለአባትሽ የሚገባውን ላምጣልሽ አለኝ።»

እሁድ የበላውንም ጠየቀቻት። ዶሮ ወጥ ከነአይቡ በልቶ፣ ምንም ሳይሆን ሲጫወት አምሽቷል።

«ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነገር አላለሽም?»

ያኔት ወደ ሳሎኑ በር አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ክላስሽን ስኪፕ አድርጊና ሐኪም ጋ አብረሽኝ ግቢ አለኝ። ለማሚ እንዳትነግሪ አለኝ። የሚያስተረጉምልኝ ሰው ያሳጥረዋል፣ እኔ ግማሽ ሰዓት አወራለሁ፣ እሱ ሁለት ቃል ይናገራል አለ። የምን ሐኪም እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

የወይንሐረግ ሳንድዊቹን እንድትጥለው ነግራት ወደ ዘነበወርቅ ተመለሰች። ሴትዮዋ ከመሳቢያ አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥታ ሰጠቻት። ጠርሙሱ ላይ የነበረው ወረቀት በቢላ ተፍቆ ጠፍቷል።

«የጨጓራ ነው ያለኝ» አለች ዘነበወርቅ። «ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጀመረው። ወረቀቱን ራሱ ሲፍቀው አይቼ ስቄበታለሁ።»

የወይንሐረግ አልሳቀችም። በእኛ ሰው ዘንድ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ጨጓራውም በአደባባይ ይወራል። ተፍቆ የሚደበቅ በሽታ አንድ ነው፤ እሱም የአእምሮ ነው። ባልሽ በሆነ ነገር ተጨንቆ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቃት ዘነበወርቅ ኖላዊን አነሳች። ኖላዊ የወልደአምላክ ታናሽ ወንድም ነበር፤ በ1970 ከተደበቀበት ቤት ተይዞ ተገደለ። ቤቱን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ወልደአምላክ፣ ስንቅ የሚያደርሰው ኪዳኔ፣ እና ሰርክአዲስ የሚባል ተማሪ። ሰርክአዲስ እስር ቤት ስለሞተ ጠቋሚው እሱ ነው ተብሎ ሃያ ዓመት ተረግሟል።

«ወልዴ ስሙን አንስቶ አያውቅም ነበር» አለች። «በሰሙነ ሕማማት ግን ስለ ኖላዊ ለሰው ሁሉንም ነገርኩ፣ ቀለል አለኝ አለኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

የቀረው ወሬው ነበር። የወይንሐረግ በመርማሪነቷ ዘመን ወሬን ከመጨረሻው ሰው ጀምራ ወደኋላ መከተል ትወድ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያደርሰው አንድ አፍ ላይ ነው። አረጋሽን ማን ነገረሽ አለቻት፤ በፈቃዱ አለች። በፈቃዱን ጠየቀችው፤ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሐኪሙ ገና ሳይወጣ፣ ኪዳኔ ጎን ለጎን ተቀምጦ «ያን ያረጀ ፎርማጆ አብልታው ነው፣ ምስኪን፣ አታውቅም እኮ» ብሎት ነበር። በፈቃዱ ለልጅቷ ያዘነላት መስሎት ለአረጋሽ ነገራት።

ኪዳኔን ለማግኘት አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄደች። ወንዙ ዳር ባለው ሆቴል ሎቢ ውስጥ በጥቁር ሱፍ፣ ሽቶ ተቀብቶ ተቀበላትና ሳትጠይቀው ፍራፍሬና ፎርማጆ የተደረደረበት ሳህን አስመጣላት። ሳህኑን በአንድ ጣቷ ወደሱ ገፋችው።

«አቶ ኪዳኔ፣ ወልደአምላክን ሐኪም ቤት ይዘውት ይሄዱ ነበር?»

«ሁለት ሦስት ጊዜ ራይድ ሰጥቼዋለሁ። የጨጓራ ሐኪም መሰለኝ፤ እኔ መኪና ውስጥ ነው የምጠብቀው።»

«ምን ገደለው ይላሉ?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ቀኑ ደርሶ ነው። እባክዎ በልጅቷ ላይ ማንም እንዳይፈርድ፤ እንደ ልጄ ናት» አለ። ይህን ሲል ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አንስቶ ጎረሰና አላመጠ። የወይንሐረግ ሳህኑን ሳትነካ ተነስታ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች።

በማግስቱ ከያኔት ጋር ቤተሰቡ መድኃኒት ወደሚገዛበት፣ ዊተን ወዳለ ፋርማሲ ሄዱ። ፋርማሲስቱ ክኒኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ መድኃኒቱን ለየው፤ መዝገቡን ከፍቶም የሐኪሙን ስም ሰጣቸው። ከዚያ ዘነበወርቅ ሚስትነቷን የሚያሳይ ወረቀት ይዛ አብራቸው ሄዳ ፈረመች፤ ክሊኒኩም የወልደአምላክን ፋይል ኮፒ አድርጎ ሰጣቸው። ያኔት እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የወይንሐረግ አምስቱን፣ እናትና ልጇን፣ በፈቃዱን፣ አረጋሽንና ኪዳኔን፣ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኪዳኔ ለእግዜር ያጥናሽ የመጣ መስሎት የተሻለውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

«ወልደአምላክን የገደለው ሳንድዊቹ ነው» ብላ ጀመረች። ያኔት ዓይኗን ጨፈነች። «ብቻውን ግን አይደለም። ይወስድ የነበረው መድኃኒት የድብርት መድኃኒት ነው፣ የድሮ ዓይነት። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያረጀ ፎርማጆ ከበላ ደም ግፊቱ በአንዴ ተሰቅሎ ሊሞት ይችላል። ትኩስ አይብ አይጎዳውም፤ ለዚህ ነው እሁድ ከዶሮው ጋር በልቶ ደህና ያደረው። ይህን በዚህ ቤት ማንም አያውቅም ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪሞችም ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የነገራቸው የለም። ታዲያ ሰኞ ኮሪደር ላይ፣ ሐኪም ሳይወጣ፣ ገዳዩ ያረጀ ፎርማጆ መሆኑን ያወቀው ሰው ከየት አወቀ?»

በፈቃዱ ቀስ ብሎ ወደ ኪዳኔ ዞረ።

«አቶ ኪዳኔ መኪና ውስጥ ነው የምጠብቀው ብለውኛል። ፋይሉ ላይ ግን በስድስቱም ቀጠሮ አስተርጓሚ ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ስለ ፎርማጆ አጥብቆ አስጠንቅቋል። እርስዎ የመለሱለት ተጽፏል፦ ይህ ሰው ሥጋም፣ ወተትም፣ ፎርማጆም የሚባል ነገር ጨርሶ አይበላም። ሐኪሙ አምኖ ዝም አለ። ሁዳዴ እንደሆነ፣ ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ሐኪሙ በምን ያውቃል? እኛ መካከል ግን ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ለወልደአምላክ ማስጠንቀቂያውን አልነገሩትም። ነግረውት ቢሆን በዓመት አንዴ የሚበላውን ሳንድዊች ልጁን ሠርተሽ ስጪኝ አይላትም ነበር። ከዚያ ፋሲካ ሲደርስ ያረጀውን ፎርማጆ በእጅዎ አምጥተው ለልጁ ሰጡ።»

«ረስቼ ነው» አለ ኪዳኔ። «ሰው አይረሳም?»

«የረሳ ሰው ኮሪደር ላይ አያስታውስም። ስድስት ቀጠሮ ሙሉ ወልደአምላክ ስለ ወንድሙ አወራ፤ ለሚስቱም ሁሉንም ተናገርኩ ብሏታል። ፋይሉ ውስጥ ግን ኖላዊ የሚል ስም አንድም ቦታ የለም። ያለው እንቅልፍ እንቢ አለው፣ ሥራ በዛበት የሚል ብቻ ነው። ወልደአምላክም ነቅቶ ነበር፤ ማክሰኞ ልጁን ይዞ ሊገባ ነበር። እርስዎንስ እንዳይመጡ አልነገረዎትም?»

ኪዳኔ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ያኔት ብትገባ ማስጠንቀቂያውንም ትሰማለች፣ የተቆረጠውንም ትተረጉማለች። ያ ታሪክ ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር የፈለገው ማን ነው? ሰርክአዲስ ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ብሎ እንዲህ የሚደክም የለም። የኖላዊን መደበቂያ ቤት ከሚያውቁት በሕይወት የቀሩት ወልደአምላክና እርስዎ ብቻ ነበራችሁ።»

ኪዳኔ ክራባቱን አስተካከለና ወደ ያኔት ዞሮ በለሰለሰ እንግሊዝኛ መናገር ጀመረ።

«በአማርኛ ይናገሩ» አለች የወይንሐረግ። «እናትየዋ እንድትሰማዎት።»

ዘነበወርቅ ከፍራሹ ሳትነሳ አየችው። «ኖላዊን የጠቆምከው አንተ ነህ?»

«ጊዜው ነው» አለ። «ይዘው ደበደቡኝ። እኔም ሰው ነኝ፣ ጊዜው ነው እንጂ…»

«ያኔ ጊዜው ነው እሺ። ሰኞስ?»

ኪዳኔ ተነሳ። በሠርጓ ቀን ሚዜ ሆኖ አጠገቧ የቆመ፣ ሃያ ዓመት ማዕዷ ላይ የቆረሰ፣ የባሏን ሬሳ ሳጥን የተሸከመ ሰው ነው። ዘነበወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የወይንሐረግ ፋይሉን ጠዋት ለፖሊስ ሰጥታለች። ሁለቱ መርማሪዎች ሕጉ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው ገና አናውቅም ቢሏትም ሰውየውን ለመጠየቅ በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ኪዳኔ ሲወጣ አንድም ሰው አልተነሳለትም። በፈቃዱ እስከ በሩ ተከትሎት ሄዶ መርማሪዎቹ ሲቀርቡት አየ።

ያኔት ቆማ ነበር። «ሶ ዳዲ ያን ሁሉ ሲያወራ…» አለችና ቆም አለች። «ማንም አልሰማውም?»

የወይንሐረግ ልጅቷን ከሐሜት አውጥታታለች፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ፋይሉ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ዘነበወርቅ ከአሥር ቀን ኩርፊያ በኋላ ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች።

«አንቺ አልገደልሽውም» አለቻት፣ አረጋሽም በፈቃዱም እየሰሙ። «እኔ ነኝ የበደልኩሽ። ነዪ ተቀመጪ። ኖላዊ የሚባል አጎት ነበረሽ። አባትሽ ለሐኪሙ የነገረውን ሁሉ አላውቅም፤ የማውቀውን ያህል ግን እነግርሻለሁ።»

ያኔት ለእናቷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስላት። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እሺ እማዬ» አለች። «ንገሪኝ፣ አታሳጥሪው።»