ማህደር በማህደር ውስጥ

ዲስኬቷ ጫቱ መሐል ገባች።

ዓይናዲስ እስሩን መልሶ ጠቀለለና ለሹፌሩ ለሞገስ አቀበለው። የአሰበ ተፈሪ ጫት ተራ በጠዋቱ ተጨናንቋል።

«ገለምሶ ለሚጠብቅህ ሰው ብቻ።»

«አታስብ።»

በኅቡዕ ድርጅታቸው ውስጥ የሞገስ የምስጢር ስም «ዝናር» ነው። በዝናር መኪና የሄዱ ሁለት መልእክተኞች አልተመለሱም። ነገ ተረኛው አብዱልቃዲር ነው። ዓይናዲስ የታዘዘው ሞገስ ሰው ለደኅንነት ይሸጥ እንደሆነ ከዚያ በፊት እንዲያጣራ ነበር።

ለአስተዳደሩ ቢሮ ግን ዓይናዲስ ከአዲስ አበባ የተመደበ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በከተማው ሌላ ባለሙያ የለም፤ ወጥመዱም በዚሁ የቆመ ነው። ዲስኬቷ ላይ ማህደር ውስጥ ማህደር፣ እሱም ውስጥ ሌላ እየፈጠረ አንድ ፋይል ከታች ቀብሯል። የማህደሮቹ ስም ተደርድሮ የፋይሉ አድራሻ ይሆናል፤ ማሽኑ የሚቀበለው የአድራሻ ርዝመት ግን ልክ አለው። ከልኩ ካለፈ፣ ፋይሉ እዚያው እያለ፣ የለም ይላል። የሚደርስበት መሐል ላይ ላለው ማህደር አጭር ስም ሰጥቶ ከዚያ የሚነሳ ሰው ብቻ ነው። ሞገስ ዲስኬቷን ከሸጠ፣ ደኅንነቶቹ መክፈት ያቅታቸውና ባለሙያውን ይጠራሉ።

ከምሳ በኋላ ተጠራ።

ዲስኬቷ የደኅንነቱ ሹም የሻምበል አጥናፉ ጠረጴዛ ላይ ናት። ጠርዟ ላይ የጫት ቅጠል ተጣብቋል።

ሞገስ ነው።

«ማህደር ከማህደር እየወጣ አታከተኝ» አለ ሻምበሉ። «ክፈተው።»

ዓይናዲስ አንድ በአንድ እየከፈተ ወረደ። ታች ሲደርስ ማሽኑ እምቢ አለ።

«ተበላሽቷል፣ ጓድ ሻምበል። አይከፈትም።»

«እንግዲያው ያበላሸው ይክፈተው። ባየችን ጥሩልኝ! ዲስኬቷ ከቢሯችን ሳጥን የወጣች ናት፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ እሷ ጋ ነው።»

ይህን አላሰበበትም። ታይፒስቷ ባየች ጠዋት ቁልፉን ስታውሰው ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ገባች።

«ቁልፉስ?»

«ጠፋብኝ።»

«ይሄን ክፈቺና በነጻ ውጪ።»

ፋይሉ ባዶ ነው። ሻምበሉ ባዶነቱን ካየ ወጥመድ መሆኑ ይገባዋል፤ ዓይናዲስ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ አብዱልቃዲርን የሚያስጠነቅቀው አይኖርም። የማሳጠሩን ዘዴ ደግሞ ለባየች ያስተማራት፣ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት፣ እሱ ራሱ ነው።

ባየች ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

ከዚያ ከላይ ጀምራ፣ አጭር ስም ሳትሰጥ፣ ልክ እንደ እሱ አንድ በአንድ ወረደች። ማሽኑ እምቢ አለ።

«አላውቅበትም» አለች።

ወሰዷት።

ዓይናዲስ ከቢሮ እንደወጣ አብዱልቃዲርን ሻይ ቤት አገኘው።

«በሞገስ መኪና እንዳትሄድ። ሸጦናል።»

«ወላሂ?»

«በዓይኔ አየሁ።»

አብዱልቃዲር ሻዩን ሳይጨርስ በጓሮ በር ወጣ። እሱ ተረፈ። ዓይናዲስ ግን ደስታ አልተሰማውም፤ አፈረ።

ከከተማው በሚሸሽበት የድሬዳዋ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ስሙን ጠየቁት።

«ኃይለየሱስ» አላቸው።

«ሥራህስ፣ ልጄ?»

«የጽሕፈት መኪና እጠግናለሁ።»

እጁ ኪሱ ውስጥ የሳጥኑን ቁልፍ ጨብጧል። ከሰዓት እመልስልሻለሁ ብሏት ነበር።