የተሳፋሪው ቀበቶ

ይህን ታሪክ ለማመን እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ውሸት ከሆነ ፍሬኔ ቁልቁለት ላይ ይክዳኝ።

ዳምጠው አዳማ ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ አስካለ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ሦስተኛውን ስታረግዝ ሐኪሙ "ባጃጅ እንዳትሳፈሪ" አላት። ዳምጠው የብየዳ ማሽኑን ሳይቀር ሸጠና አንድ ሽማግሌ ከመተሐራ ያመጡትን ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ገዛ።

ኪሎሜትሩ ሦስት መቶ ሺህ አልፏል። ሻጭ ሁሉ ቆጣሪ በሚያስመልስበት አገር ሽማግሌው አለማስመለሳቸው ራሱ ዳምጠውን አስጠረጠረው። ደግሞ ሲነዱ፣ ያ ሁሉ ቦታ እያላቸው፣ በግራ ትከሻቸው በሩ ላይ ተለጥፈው ነበር። ቁልፉን ሲሰጡት አንዲት ነገር ብቻ አሉ፦

"ልጄ፣ የተሳፋሪውን ቀበቶ እንደታሰረ ተወው። ከፈታኸው ይጮሃል።"

በማግስቱ መኪናዋን ወደ ጓደኛው ወደ ወጋየሁ ጋራዥ ወሰዳት። ወጋየሁ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተ፣ የሞተሩን ቺንጋ ጎተተ፣ ጎማ አውልቆ የፍሬን ሸራ አየ፣ ከሥር ተንፏቆ ገብቶ ዝገት ፈለገ፤ ምንም የለም። ወንበሮቹ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ።

"ስማ፣ ሰውዬው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት አላልከኝም?"

"ሚስትም ልጅም የለኝም ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ ከሾፌሩ ወንበር ይልቅ የተሳፋሪው ለምን አለቀ?"

ስፖንጁ ጎድጉዶ፣ ጨርቁ ሳስቶ፣ ወፍራም ሰው አሁን የተነሳበት ይመስላል። ወጋየሁ ቀበቶውን ፈታው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ተሳፋሪ ቀበቶ ሳያስር ሲቀመጥ የሚጮኸው ነገር ባዶ ወንበር ላይ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ማለት ጀመረ።

"እሰይ! ተሳፋሪ ጭነህ ነዋ የመጣኸው፤ ሂሳብ ተቀበለው እንጂ!" ወጋየሁ እየሳቀ ከወንበሩ ሥር ሽቦ በፒንሳ ቆረጠ። "ሴንሰሩ ሞቷል። በቃ፣ ተገላገልክ።"

ጢን ጢኑ ቆመ። ለዳምጠው ግን ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ ሆነበት።

ከዚያ ወዲህ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት በቀትር እንኳ፣ ከተሳፋሪው በኩል ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ምድር ቤት የመሰለ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፤ መታጠፊያ ላይ ሰው ሚዛኑን ሲጠብቅ እንደሚያደርገው ስፖንጁ ሲጢጥ ይላል፤ አንድ ቀን ደግሞ የዚያኛው ወገን መስታወት ብቻ ከውስጥ ጉም ለብሶ፣ ጉሙ ሰፋ ጠበብ፣ ሰፋ ጠበብ ሲል አየው። "ጎርፍ የበላት መኪና ነው የሸጡልኝ" ብሎ ሽማግሌውን ረገመና ራሱን ሸነገለ።

አስካለን ለምርመራ የወሰዳት ዕለት፣ ከኋላ ያንገጫግጫል ብሎ ከፊት አስቀመጣት። ቀበቶውንም ሆዷን እንዳይጫናት ብሎ ሳያስር ተወው። ትንሽ እንደሄዱ አስካለ ዓይኗን ጨፍና፦

"ዳምጤ፣ እጅህን ከሆዴ ላይ አንሳ፤ ይቀዘቅዛል" አለችው።

ዳምጠው እጆቹን አያቸው። ሁለቱም መሪው ላይ ናቸው።

ዳር ይዞ ቆመ። "ውረጂ አስኩ፤ ጎማ ተንፍሷል።"

እሷ ራቅ ስትልለት ትንፋሹን ውጦ ቀበቶውን ስቦ አሰረው። ባዶ ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ ስፖንጁ ላይ ይተኛል። ይሄኛው አልተኛም፤ አየሩ ላይ እንደ ሆድ ክብ ሠርቶ ተወጠረ፣ ላላ፣ ደግሞ ተወጠረ።

አስካለን ክንዷን ደግፎ በእግር መለሳት። መኪናዋን በዚያው ሳምንት ሸጣት፤ ቁልፉን ሲያስረክብ ገዢው ቀበቶውን እንዳይፈታ ደጋግሞ አስጠነቀቀው። አስካለም በሰላም ወለደች።

ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ገዢውን አስጠነቀቀው ያልኩት ውሸት ነው። ምንም አላለኝም፤ ይህን ሁሉ የዘረገፈልኝ በኋላ ደውዬ ስጮህበት ነው። እኔ ደግሞ አሮጌ መኪና እንደገዛ ሰው ሁሉ ልፈትሽ ብዬ ቀበቶውን ፈታሁት፤ አሁን መልሼ ሳስረው ስፖንጁ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፣ የእርጥብ አፈሩ ሽታ ግን ቤቴ ገብቷል።