ሦስት ማንኪያ

ልብስ ሰፊው የሞተው ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ነው። ከጀርባው ሦስት ትራስ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ዘንበል፣ ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ። ላላወቀው ሰው ያንቀላፋ ይመስላል። ኢንስፔክተሩ ግን አቀማመጡን ያውቀዋል፤ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ትን እንዳይለው አገጩን እንዲህ ዝቅ አድርጎ ነው የሚውጠው። እሱ ራሱ ከሦስት ወር ወዲህ የሚበላው እንደዚያ ነው።

የሚያውቀው አቀማመጡን ብቻ አልነበረም። ሰውየውንም ያውቀዋል። በየማክሰኞው ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መዋጥ ለመማር ተራ ሲጠብቁ ከርመዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲውጥ የኖረ ሰው እንደ ጨቅላ «አሁን ዋጥ፣ አሁን ድገም» ሲባል ያስቃል፤ እነሱ ግን ድምፃችሁን ቆጥቡ ስለተባሉ አልሳቁም። ይህን ሁሉ በር ላይ ለቆሙት ቤተሰቦች መንገር ነበረበት። አልነገራቸውም። ይደርሳል አለ በልቡ።

«መርዛ ነው የገደለችው!» አለች የሟቹ ልጅ ወደ እንጀራ እናቷ እያመለከተች፣ ኢንስፔክተሩ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ። የሠላሳ ዓመት አስተማሪ ናት፤ ስትናገር ጣቷን ታነሳለች። «ቁልፍ ልትተክል ሱቃችን ገብታ እሷው ተተክላ ቀረች። አባቴ ራሱ ጽፎታል፣ ይኸው!»

የሰጠችው የልኬት ደብተር ነው። ከፊት የደንበኞች ትከሻና ወገብ፣ ከኋላ ደግሞ መናገር የተከለከለው ሰው ለቤተሰቡ የጻፋቸው ትንንሽ ዐረፍተ ነገሮች። በወሩ አራተኛ ቀን የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ሾርባው ብረት ብረት ይላል። ሻዩም እንደዚያው። ምን እየጨመረችበት ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሁለተኛ ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ይህን መጻፉን ዛሬ ነው ያየሁት» አለች ብቻ።

ኢንስፔክተሩ ገጾቹን ገለበጠ። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ።

«ያ የሐኪሙ ጽሑፍ ይመስለኛል» አለች ልጅቷ በትከሻው ላይ አሻግራ እያየች። «ክሊኒክ ሲሄድ ይዞት ይሄድ ነበር።»

«ደብተሩ እኔ ዘንድ ይቆይ» አለ። ድምፁ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም። ባልደረቦቹ እሱ በሌለበት «ሹክሹክታ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል።

አለቃው የሰጡት ሦስት ቀን ነው። የመርዝ ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሌላ ምክንያት ካላገኘ ሚስትየዋ ትያዛለች። አስከሬኑን ያየችው ሐኪም ግን ከሰዓት በኋላ ደወለችለት።

«መርዙን ላቦራቶሪው ይንገራችሁ። እኔ ያየሁት የሳንባ ምች ነው፣ ያውም የሰነበተ። የሚጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ሲወርድ ከርሟል።»

«ሲወርድ አይስልም ነበር?»

«ጉሮሮው ከደነዘዘ በምን ይስላል? እርስዎ የሚስሉት ዕድለኛ ስለሆኑ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ቆራጩን አገኘው። ከሟቹ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት አብሮ የሠራ፣ ሆዱ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ ነው። ገና ሳይጠየቅ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጌታዬ።»

«እንዴት?»

«እሁድ ዕለት ልጠይቀው መጣሁ። ቢራ በዓይኑ ለመነኝ። በአፉ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ በዓይን የለመነን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? አንድ ጉንጭ አቀመስኩት። ቀጭን ነገር አትስጡት ተብሎ ነበር እኮ። ማክሰኞ ሞተ።»

«እሁድ ሃያ አራት ነበር። ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?»

«ያንን የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ ጓዳ ግድግዳ ላይ በየቀኑ ትጽፈው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ከመሄዱ በፊት የጠረጴዛውን መሳቢያዎች አንድ በአንድ ከፈተ። መቀሶች፣ የጠመኔ ስብርባሪ፣ በታችኛው ውስጥ ደግሞ በቁራጭ ጨርቅ የታሰረ የብረት ማንኪያና ሹካ።

«ይሄስ?»

«እሱ ነው ያስቀመጠው። ቤት ውስጥ ብረት ማየት አልፈልግም ብሎ።»

የሟቹ ቤት ጓዳ ጠባብና ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው የትኩሳቱ መዝገብ ነው፤ የሚጀምረው በአሥራ አራተኛው ቀን። ሁለተኛው በነርስ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ማንኛውም የሚጠጣ ነገር፦ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ማወፈሪያ ዱቄት።» ኢንስፔክተሩ ዱቄቱን ያውቀዋል። ቀጭን ፈሳሽ ለታመመ ጉሮሮ ይፈጥንበታል፤ ዱቄቱ ያወፍረዋል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል።

«ሐኪም ቤት ለምን አልወሰዱትም?» አላት።

ሚስትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እጇ ግን ደረቅ ነበር። «‹ጉንፋን ነው› ብሎ ጻፈልኝ። እንሂድ ብዬ መጎተት ነበረብኝ። ሌሊቱን ስነሳ ስተኛ ስለማድር ደክሞኝ ነበር፤ ጉንፋን ቢሆንልኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ይወቁት ጌታዬ፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም። መርዝ አልሰጠሁትም፣ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ለእሱ እንደሚያፈሉለት አድርገው ሻይ ይሥሩልኝ።»

ደነገጠች፤ ግን ሠራች። ከቆርቆሮው ውስጥ በነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ሦስት ጊዜ ጨልፋ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትርፉን በቢላ ጀርባ ልጋ፣ ብርጭቆው ውስጥ ጨምራ አማሰለች። እጇ ልኩን የሚያውቅ እጅ ነው። ኢንስፔክተሩ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ትንሽ ተጎነጨ። ጣዕም እንደሆነ አልተሰማውም፤ ምላሱ ላይ ሻይም ውኃም አንድ ከሆኑ ቆይተዋል። ጉሮሮው ግን ነገረው። ትን አለው። ዓይኑ እስኪቀላ፣ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪንበረከክ ሳለ።

ሴትየዋ ጀርባውን እየመታች፣ «ምነው? ምነው ጌታዬ? እሱ እኮ አንድ ቀንም አልሳለም!» አለች።

ሳሉ ሲበርድለት እንባውን ጠረገና፣ «እነዚህን ማንኪያዎች ማን አመጣቸው?» አለ።

«ልጁ ናት። አባቷ ጽፎ አዘዛት። የብረቶቹን አወጣ፣ እሷም በስድስተኛው ቀን እነዚህን አመጣች።»

ያን ዕለት ቢሮው ገብቶ ደብተሩን ከፈተ። የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበበው። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ መነጽር እንኳ አላስፈለገውም። ከዚያ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መስኮቱ አጠገብ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። መርዝ የለም። ኢንስፔክተሩ ፋይሉን መዝጋት ይችል ነበር። «በሕመም ምክንያት የሞተ» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይጠይቀው፣ ሚስትየዋም አትታሰር። ብዕሩን አንስቶ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። የሴትየዋ እጅ ታየው፣ በቢላ ጀርባ ዱቄት የምትልግ እጅ። ብዕሩን አስቀመጠው።

በአራተኛው ቀን ሦስቱንም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ፊታቸው ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ የዱቄቱ ቆርቆሮና በጨርቅ የታሰሩት ማንኪያዎች ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከእንጀራ እናቷ በጣም ርቃ ቆማለች።

«መርዝ የለም» ብሎ ጀመረ።

«ደብተሩስ?» አለች ልጅቷ፣ ጣቷ ተነስቶ።

«ደብተሩን ደግሜ አነበብኩት። ብረት ብረት ይላል ያለው በአራት ነው። ከስድስት በኋላ ብረት ብረት ይላል የሚል አንድም ቃል የለም። ትኩሳቱ የገባው በአሥራ አራት። መርዝ ቢሆን ኖሮ ጣዕሙም ሕመሙም አብረው ይሄዱ ነበር። እዚህ ግን ጣዕሙ ሲሻለው ሰውየው ታመመ።» አረፍ አለና ምራቁን ሁለት ጊዜ ዋጠ። «ቢራውም አይደለም። እሁድ የተጠጣ ቢራ ከአሥር ቀን በፊት ትኩሳት አያመጣም።»

ቆራጩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ታዲያ በስድስት ምን ሆነ? የብረት ማንኪያ ከዚህ ቤት ወጣ፣ የፕላስቲክ ገባ። እመቤቴ፣ ነርሷ ልክ ስታሳይዎ በየትኛው ማንኪያ ነበር?»

«በቤታችን ማንኪያ» አለች ሚስትየዋ ቀስ ብላ። «የምንጠቀምበትን አምጪ ብላኝ ወስጄ…» ራሷው አቋረጠችው።

ኢንስፔክተሩ ጨርቁን ፈታ። በትልቁ የብረት ማንኪያ ሦስት ጨልፎ አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ጨመረ። በፕላስቲኩ ሦስት ጨልፎ ሁለተኛው ውስጥ። አማሰለ፣ ጠበቀ፣ ሁለቱንም አጋደላቸው። የመጀመሪያው እንደ ማር እየከበደው ወረደ። ሁለተኛው ፈሰሰ።

«ወረቀቱ ሦስት ማንኪያ ይላል፤ የየትኛውን ማንኪያ አይልም። ሃያ ቀን ሙሉ ግማሽ ልክ ጠጣ። ጉሮሮው ስለደነዘዘ አልሳለም። ያልሳለ ሰው ደግሞ የዳነ ይመስላል።»

«ሻዩ ቀጥኖ ነበር» አለች ሚስትየዋ። «መቅጠኑን አይቻለሁ። ግን ‹ዛሬ ጥሩ ወረደልኝ› ብሎ ጻፈልኝ። እየተሻለው ነው ብዬ… ደስ ብሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ጣቷን አወረደች። «አይስክሬም የሚበላባቸው ናቸው» አለች። «ትልቁ አልቆ ነበር። ያው ማንኪያ ማንኪያ ነው ብዬ ገዛሁ።» የፕላስቲኩን ማንኪያ አንስታ አየችው። «ልብስ ሰፊ አሳድጎኝ፣ አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ እየተባልኩ አድጌ፣ እኔ ሳልለካ… የአብዬን ወደ እምዬ ሳዞር ከረምኩ። እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንድ ሰው ይቀራል። ብረቱን አውጣ ያለው።»

ሚስትየዋ ግን ስለ ማንኪያው የምታስብ አትመስልም ነበር።

«መርዝ አለመኖሩን እናንተ አወቃችሁ» አለች። «እሱስ? እሱ ሳያውቅ ነው የሞተው? የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንት ዓይኔን አላየም። አንሶላ ስቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከእጄ ሲጠጣ ትገድለኛለች እያለ ነው የጠጣው?»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን አወጣ። የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ገጽ ገለጠ። በዚያ በተቦጫጨረ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«በእሱ እጅ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፦ ‹ሚስቴ ሻዬ ላይ ብረት ነገር ትጨምራለች። አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ምን ላድርግ?› የሌላው መልስ፦ ‹ምንም አልጨመረችም። እኔም አፌ ብረት ብረት ይለኛል፤ ቀዶ ጥገናው ነው። የብረት ማንኪያ ያባብሰዋል። ከቤትህ አውጣ፤ አንድም አታስቀር።›»

ቀና ብሎ ሦስቱንም አያቸው።

«ይህኛው ጽሑፍ የእኔ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ አብረን እንቀመጥ ነበር። አንድም አታስቀር ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ቤት ያለው ቆርቆሮ ከነመለኪያው የመጣ ነው፤ እናንተ ቤት በምን እንደሚለካ ሳልጠይቅ ዘበዘብኩ። በአሥራ ዘጠኝ ሳይመጣ ሲቀር ተሽሎት ነው ብዬ ወንበሩ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ቤቱን ብጠይቅ ኖሮ በሕይወት ይገኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ልነግራችሁ ይገባ ነበር፣ ፈራሁ። ሪፖርቱ ላይ ስሜን ጽፌዋለሁ።»

ቆራጩ የብረት ማንኪያዎቹን ሰብስቦ መልሶ በጨርቁ ጠቀለላቸው።

«ሌላም አለ» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ሚስትየዋ ዞሮ። «በሳምንቱ፣ በአሥራ ሁለት። የእሱ እጅ ነው። ‹ብረቱ ሄደ። ሻዩ ሻይ ሆነልኝ። ሴትየዋን በከንቱ ጠረጠርኳት። እሷ አላወቀችም፣ እኔ ግን አፍሬ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ድምፄ ሲመለስ በአፌ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይሆንም።›»

ሚስትየዋ ጠረጴዛውን ይዛ ተቀመጠች። አራት ቀን ያልመጣው እንባ መጣ። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ሳትጠርግ፣ «እርስዎን ዛሬ ይቅር ልልዎ አልችልም» አለችው። «ነገም አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«እሱን ግን ይድገሙልኝ። የመጨረሻውን።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን አነሳ። «ብረቱ ሄደ» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። አገጩን ዝቅ አድርጎ ዋጠ፣ ደግሞ ሞከረ፣ ከጉሮሮው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ደብተሩን ከእጁ ወሰደች። ከእንጀራ እናቷ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ መስመሩን በጣቷ ፈለገችው፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራም አነበበችላት።