የልጄ ኮርቻ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም ይተወው። እኔ የምጽፍላችሁ በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ነው።

እሑድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ከቤታችን ጀርባ፣ ባለቤቴ አሮጌ ብስክሌቶችን ፈታትቶ የሚያድስበት ክፍል።

አንዷን ብስክሌት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነካት ኖሯል። የልጃችን ናት... ባለ ክሮሟ የእሽቅድምድም ብስክሌት።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከእሷ ወድቆ ነው ያጣነው።

ዘንድሮ ታናሽ እህቱ ሚጡ «ለእኔ ትሠራልኝ» ብላ አባቷ ላይ ሙጭጭ አለች።

እኔን እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«አንቺ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ የምትዘረጊ!» ይለኛል ባለቤቴ።

ዝገቱን አስለቀቀ። ክሮሙን አሽቶ መስታወት አስመሰለው። ካቴናውን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን ቀየረ።

ኮርቻው ብቻ... እምቢ አለ።

ዘንጉን ዝገት ከሚገባበት ቱቦ ጋር አጣብቆት፣ በልጄ ቁመት ልክ ቀርቷል። ዘይት አጠጣው። በመዶሻ መታው። ንቅንቅ የለም።

ሚጡ ብትወጣበት እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም።

በልቤ «ተመስገን» አልኩ።

ያን እሑድ አባትና ልጅ ወጥተው ነበር። ብቻዬን ገብቼ ኮርቻውን ዳበስኩት።

«የኔ ልጅ... እህትህን እንዳታስቀምጣት፣ እሺ? እሷንም ካጣሁ አለቀልኝ።»

ቀና ስል... ዘንጉ ላይ የዝገት ቀለበት አየሁ። ሁልጊዜ የቱቦው አፍ ላይ የሚያርፍ ቀለበት ነው።

አሁን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

ከሥሩ የወጣው ብረት ፀሐይ አይቶ አያውቅም... ያብለጨልጫል።

ባለቤቴ ሲመለስ ጮኸብኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«በየት ጉልበቴ? አንተ ያቃተህን?»

መፍቻ አንስቶ ታገለው። እንደ ድሮው ተጣብቋል።

በሌላ ጊዜ ስናየው ደግሞ... ከፍ ብሏል። ከዚያም ከፍ።

ሚጡ ብስክሌቷን መጠየቅ ተወች። አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር መጥታ፣

«እማ... ወንድሜ እያደገ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አፏን በእጄ ያዝኩት።

ትናንት ባለቤቴን ፍለጋ ገባሁ። ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፎ፣ በርጩማ ረግጦ ወጥቶባታል። እሱ እኮ የሰፈሩ ሰው «ምሰሶው» እያለ የሚቀልድበት ረጅም ሰው ነው።

«ውረድ... በናትህ ውረድ!» አልኩት በሹክሹክታ።

አልሰማኝም። እግሩን ወደ ፔዳሉ ዘረጋ።

አልደረሰም።

«በለጠኝ...» አለ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። «በለጠኝኮ።»

እነዚያ ረጃጅም እግሮቹ... እንደ ሕፃን ልጅ እግር አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።