የቨርላ ድፍን ፍላጻ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴን የዋዮሚንግ ድብ ይብላው!

ሞቶ የተገኘው ኤልክ ፈረስ የሚያህል አጋዘን ነበር። ጭንቅላቱ ከነቀንዱ ተቆርጦ ተወስዷል። ሥጋውን ዝንብ ወርሶታል። ጎኑ ላይ ፍላጻ ተሰክቷል፤ ላባው ቀይ።

በዚያ ሸለቆ ቀይ ላባ የቨርላ ብቻ ነው። ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ ተራ ቀስት መሳብ ስላቃታት፣ የምታድነው ቃታ ባለው ቀስት ነው።

«የእርስዎ ነው?» አለ የአራዊት ጠባቂው ብሮዲ።

«የኔ ነው።»

«ሥጋ አበስብሶ ቀንድ መውሰድ ወንጀል ነው። የአደን ፈቃድዎን ያምጡ።»

ፈቃዱ ከሄደ የክረምት ቀለቧም ሄደ። ቨርላ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«አልሰጥም!»

ጎረቤቷ ሮስኮ ከኋላ ተንከተከተ። «ስጪውና ዶሮ አርቢ። እድሜሽም ለዶሮ ነው።»

«ዝም በል አንተ! ዶሮ እንኳ ሲጮህ ሰዓት ያውቃል።»

ብሮዲ ማልዶ ከቴክሳስ የመጡትን አዳኞች ፈትሿል፤ ያገኘው ባዶ የቢራ ጣሳ ብቻ ነው። የቀረችው እሷ ናት።

«ልጄ፣ ንቀለውና ጫፉን እየው» አለችው።

ነቀለው። ምላጭ የለውም፤ ድፍን ነው።

«ሕጉ ባለ ምላጭ ጫፍ ይላል። በዚህ ማን ኤልክ ያድናል? የተወጠረ ቀስት መኪና ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሲመሻሽ መኪናዬ አጠገብ ይህን መሬት ላይ ተኩሼ ነው የማላላው። ትናንት ተኩሼ ስፈልገው አጣሁት። ድፍን ጫፍ ቆዳ አይበሳም፤ ሌላ ነገር በበሳው ቀዳዳ የሰካው ሰው አለ። በል ቁስሉን ቅደደው!»

ብሮዲ ቢላውን ሰደደ። ቢላው ብረት ነካ።

የጠመንጃ ጥይት! ወቅቱ ደግሞ የቀስት ነው፤ ጠመንጃ ገና አልተፈቀደም።

«መኪናዎ አጠገብ ማን ያቆማል?»

«አንድ ሰው ብቻ።» ዞራ ሮስኮ ላይ አፈጠጠች።

ሮስኮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጎተራው ሲፈተሽ ቀንዱ ከድርቆሽ ሥር ወጣ።

«ምን አደረገችህ?» አለው ብሮዲ።

«በየዓመቱ መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሷ ቀንድ ነው! በአንድ ትከሻ! ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። የጠመንጃው ወቅት እስኪደርስ ይሄንንም ቀድማኝ ትገድለው ነበር። ፈቃዷን ብትነጠቅ ግን እገላገል ነበር።»

የተነጠቀው እሱ ሆነ። ብሮዲ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይቅርታ እማማ» አላት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀስቷን አንግታ ሽቅብ ወደ ጫካው ወጣች።

ያቺን ይቅርታ ግን ከኪሴ ነው የጨመርኳት፦ ብሮዲ ይቅርታ አላለም። ቨርላም ባገኘችው ቁጥር መንገድ ላይ ታስቆመዋለች፤ «ይቅርታዬስ?» እያለች።