ንቦቹ እስኪሄዱ

«ከዚያስ?» አለ ገርባ። በእጁ ድንጋይ ይዟል።

ላሊሴ ወሬው እስኪጣፍጥ ትንሽ ማቆየት ታውቅበታለች። በሱሉልታ ዘጠነኛ ክፍል በቀደዳ የሚያክላት የለም። አምና «ጅብ ታክሲ ተሳፍሮ ሂሳብ አልከፍልም ሲል አየሁ» ብላ ግማሹን ክፍል አሳምናለች። ዛሬ ግን የሚያዳምጣት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ትምህርት ተቋርጦ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆመው ተማሪ ሁሉ ነው። ትናንት ፖሊሶች የገርባን ወንድም ሞቱማን ወስደውታል። ማን ጠቆመ? ሁሉም ማወቅ ይፈልጋል።

«ባርናባስ ነዋ! ትናንት ጠዋት ከፖሊስ መኪናው አጠገብ ቆሞ አየሁት» አለች። ባርናባስ የክፍላቸው ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከአዲስ አበባ መጥተው እነላሊሴ ግቢ ተከራይተዋል።

«ላይብረሪ ውስጥ ነው! እናምጣው!» አለ አንዱ።

«ቆይ፣ ምን አላቸው?» አለ ገርባ።

ምላሷን በላት። ይሄኔ የንብ መንጋ እንደ ሄሊኮፕተር እያጓራ ከባሕር ዛፎቹ ላይ ወረደ። ተማሪው እየጮኸ ተበተነ፤ ገርባም ድንጋዩን ጥሎ ሮጠ። መንጋው በሩ ላይ፣ ከፊሉም ላሊሴ ሻርፕ ላይ አረፈ።

አባቷ ንብ ያረባሉ። «ሲያርፍብሽ ቁሚ፤ አፍሽን ዝጊ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ይሏታል።

ቆመች። አንዷ ንብ ቅንድቧ ላይ ትሄዳለች። ወሬው ግን ጭንቅላቷ ውስጥ መሮጡን አላቆመም፤ ባርናባስ ወደ እነሞቱማ ቤት ሲጠቁም፣ ፖሊሱ ትከሻውን ቸብ ሲያደርገው... ትንፋሿን አዳመጠች። ገባ፣ ወጣ። ሰሚ በሌለበት ወሬ ለማን ይረዝማል? ነዳጅ እንዳለቀበት ባጃጅ ተንገጫግጮ ቆመ። የቀረው ያየችው ብቻ ነበር፤ ባርናባስ የተማሪ መታወቂያውን ሲያወጣ፣ ፖሊሱ አይቶ ሲመልስለት።

ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። መንጋው ተነስቶ ሄደ።

መጀመሪያ የተመለሰው ገርባ ነው። ንብ ነድፋው ግንባሩ አብጧል፤ ሌሎቹም ከኋላው መጡ።

«ኤርገሲ? ከዚያስ?»

«መታወቂያውን አሳያቸው፤ መለሱለት፤ ወደ ቤት ሄደ።»

«አትቀልጂ ላሊሴ! ምን አላቸው?»

«ሲያወራ አልሰማሁም። ማን እንደጠቆመም አላውቅም።»

«አላውቅም? አንቺ?» አለ ከኋላ አንዱ። «በቃ፣ ንቦቹ ምላሷን ነድፈውታል!»

ሳቁባትና ወደየቤታቸው ተበታተኑ። ገርባ ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ሞቱማን ደህና ሆኖ አየሁት» ልትለው ቃጣት። እሱንም ዋጠችው። አጠገቡ ቆመች።

«አትሄጂም እንዴ?» አላት።

«ባርናባስን እየጠበቅኩ ነው። አብረን እንሄዳለን።»

ገርባ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እሱም አልሄደም፤ አብሯት ጠበቀ።